የኔታ «በቃ» እስኪሉ

ሥራህ ምን ነበር ለሚለኝ ሰው ሁሉ «አቡኪ ነበርኩ» ብዬ እመልሳለሁ። ብዙው ሰው ዳቦ ቤት የሠራሁ ይመስለዋል። አንድ ዘመዴማ ልጁን ሲድር ሁለት ኩንታል ዱቄት በጋሪ አስጭኖ ቤቴ በር ላይ አራገፈና «አንተ እያለህልን ምን አስጨነቀን?» አለኝ። ሳቄን እንደ ምንም ዋጥ አድርጌ፣ እኔ ያቦካሁትን የሠርግ እንግዳ ቢበላው ሠርጉ ወደ ለቅሶ እንደሚዞር አስረዳሁት። ያቦካሁት መድኃኒት ነዋ፤ ያውም የበግና የከብት የትል መድኃኒት።

ደብረ ታቦር ዳር ላይ ባለች አንዲት አነስተኛ የእንስሳት መድኃኒት ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት ሠራሁ። አምና ስድሳ ሞላኝና ጡረታ ወጣሁ። ጋቢ አለበሱኝ፣ ንግግር ተደረገ፣ የአባቴ ስም ተሳስቶ የተጻፈበት የምስክር ወረቀትም ተሰጠኝ። ቤት መዋል ስጀምር ግን ነገር አላምር አለ። ባለቤቴ ሽሮ ስታማስል አጠገቧ ቆሜ «ፈጠነ፣ ቀስ አድርጊው» እያልኩ አስቸገርኳት። አንድ ቀን ማማሰያውን እንደያዘች ዞር ብላ «እባክህ አለልኝ፣ ወይ ውጣ ወይ ጻፍ!» አለችኝ። ውጭው ዝናብ ስለነበር ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የመድኃኒት ዱቄት እንዳለ ወደ ክኒን መምቻው ማሽን ቢገባ ይበናል፣ ይጣበቃል፣ አልወርድም ይላል። ስለዚህ በመጀመሪያ ሚክሰር በምንለው ትልቅ የብረት ድስት ውስጥ ይደረጋል። ከድስቱ ወለል ላይ ሦስት ክንፍ ያለው ብረት ይዞራል። መጽሐፉ ኢምፔለር ይለዋል፤ እኛ ግን ክንፍ ነበር የምንለው። ክንፉ እየዞረ ቀጭን የስታርች ሙቅ ይፈስበታል፤ ዱቄቱ እየረጠበ፣ እየተያያዘ ሄዶ ቂንጬ የመሰለ ፍሬ ይሆናል። ፍሬው ደርቆ ነው ክኒን የሚመታው። ሳይደርስ ካወጣኸው ክኒኑ በእጅህ ላይ ይፈረፈራል። ካሳለፍከው ደግሞ ድንጋይ ይሆናል። በመድረስና በማለፍ መካከል ያለው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ እሱም በክንፉ ቅርጽና በፍጥነቱ ይወሰናል። እንግዲህ ሃያ ሁለት ዓመት የለፋሁት ለእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ነው።

ሙያውን የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ አንድ የሰው መድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ ነበር። የተወለድኩት አንበሳሜ ቢሆንም፣ የአገሬ አየር ናፍቆኝ ነው የተመለስኩት ብል ውሸት ይሆንብኛል። ባለቤቴ ደብረ ታቦር በመምህርነት ስለተመደበች ተከትያት መጣሁ። የአዲስ አበባ ልምድ አለኝና አፍንጫዬን ነፍቼ ነበር የገባሁት። አፍንጫዬ ወደ ቦታው የተመለሰው በሦስተኛው ቀን ነው።

የሚክሰር ክፍሉ ኃላፊ አቶ ልሳነወርቅ ይባሉ ነበር። በልጅነታቸው ዜማ ቤት ገብተው ብዙ ዓመት ተምረዋል፤ ኋላ ወፍጮ ቤት ገብተው የሞተር ጥገና ለመዱ፤ ከዚያ እኛ ፋብሪካ ተቀጠሩ። ሠራተኛው ሁሉ «የኔታ» ነበር የሚላቸው። ቀጭን፣ አጭር፣ ብርድ የማይወዱ ሰው ነበሩ። ነጩን ጋዋን ከለበሱ በኋላ ነጠላ ልደርብ እያሉ ከጥራት ክፍል ጋር ያልተጣሉበት ሳምንት የለም።

በዚያ በሦስተኛው ቀኔ የኔታ ለቅሶ ሊደርሱ ሄደው እኔ ብቻዬን ቀረሁ። አዲስ አበባ ያለችውን ትንሽ ሚክሰር በደቂቃ ሦስት መቶ ዙር ነበር የምናሽከረክራት። ይኼኛው ግን ሁለት መቶ ላይ ያበቃል። «ምን ያለው ሰነፍ ማሽን ነው!» ብዬ ጥግ ድረስ ወሰድኩት። ድብልቁ የድስቱን ግድግዳ ይዞ ወጣ። ክዳኑን ስከፍት ግማሹ ዱቄት እንደ ነበረ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ጡጫ የሚያህል ጓል ሆኗል። የኔታ ሲመለሱ ጓሉን አገላብጠው አዩትና አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«አለልኝ፣ አውድማ ላይ በሬ ነድተህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አዎ የኔታ፣ በልጅነቴ።»

«አምስት በሬ አንገት ለአንገት ታስሮ ሲያበራይ፣ የመሃሉና የዳሩ እኩል አይደለም የሚዞሩ?»

«እኩል ነው።»

«ታዲያ ቀድሞ የሚያለከልክ የትኛው ነው?»

«የዳሩ ነዋ። ዙሩ እኩል ቢሆንም እሱ ብዙ ይሄዳል።»

«እንግዲያው የክንፉ ጫፍ የዳር በሬ ነው። ዙሩን ትተህ ጫፉ የሚሄደውን ቁጠር።»

ሲባጎ አምጥተው የድስቱን ስፋት አስለኩኝ። ከአዲስ አበባዋ ሦስት እጥፍ ይሰፋል። ስለዚህ ሦስት መቶ ዙር እዚህ መቶ ዙር ነው፤ የክንፉ ጫፍ በሁለቱም ድስት እኩል ይሮጣል። ይህን ነገር መሐንዲሶች በቀመር ሲያስረዱኝ አልገባኝም ነበር። በበሬ ሲነገረኝ ገባኝ፤ እስከ ዛሬም አልጠፋኝም።

የኔታ ጠዋት ከሁላችን በፊት ይገባሉ። ማሽኑ መብራት ከማግኘቱ በፊት ክንፉን በእጃቸው አንድ ዙር ያዞሩታል። ከክንፉና ከድስቱ ወለል መካከል አንድ ወረቀት ያስገቡና ሳይቀደድ ዙሩን መጨረሱን ያያሉ። ወረቀቱ አንድ ቦታ ከተያዘ ክንፉ ጎብጧል ማለት ነው። በጣም ልል ሆኖ ካለፈም አይወዱም፤ ከሥር ሳይነካ የሚቀር ዱቄት አለ ማለት ነውና። ከዚያ ሥራ ሲጀመር ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጆሯቸውን ወደ ማሽኑ አዘንብለው ይቆማሉ። ዱቄቱ ደረቅ ሳለ ያለው ድምፅ፣ ሙቁ ሲገባበት ያለው፣ ሲደርስ ያለው ሁሉ ለሳቸው ልዩ ልዩ ነበር። ሲደርስ «በቃ» ይላሉ። እኔ ቀዩን ቁልፍ እጫናለሁ። ክዳኑ ይከፈታል፤ አንድ እፍኝ ያነሣሉ፤ ጭብጥ አድርገው ይለቁታል። የጣቶቻቸው ምልክት እንዳለ ይቀራል። በአውራ ጣት ሲጫኑት ሳይጨማለቅ፣ ሳይበተንም፣ ለሁለት ከፈል ይላል።

የኔታ «በቃ» ሳይሉ ማሽኑን የሚያቆም ሰው አልነበረም። ደንብ ሆኖ የተጻፈ ነገር አይደለም፤ ግን ዜማ ቤት ተማሪ መምህሩን እንደማያርም ሁሉ እኛም አናርምም። በመካከሉ ሦስት ሥራ አስኪያጅ ተፈራርቋል። አንደኛው ሰዓት መቁጠሪያ ይዞ መጥቶ የኔታን ሊፈትን ሞክሮ ነበር፤ ከሰዓቱ ይልቅ የሳቸው ጆሮ ሲበልጥበት ሰዓቱን መልሶ ኪሱ ከተተ። እኛም በዚህ ኮራን።

በአሥራ ሁለተኛ ዓመቴ ክንፉ አረጀ። ጠርዙ ተበልቶ ክብ ሆኗል፤ ሦስቱ ክንፎች እኩል ስላልሆኑ ሲዞር ጉም ጉም ይላል። ከውጭ እንዳናስመጣ የውጭ ምንዛሪ የለም። ባሕር ዳር አንድ እጀ ወርቅ ብረት ቀራጭ፣ ቶርኒተር የምንለው፣ አግኝተን ከማሽኑ ንድፍ ላይ አስለክተን አሠራን። ሰውዬው በእውነት ጥበበኛ ነበር። ሦስቱን ክንፎች አንድ ዓይነት ቁመት፣ አንድ ዓይነት ሽቅብታ ሰጣቸው፤ መስታወት እስኪመስሉ ሞረዳቸው። ገጥመነው የኔታ ወረቀታቸውን ሲያዞሩ አንድም ቦታ አልተያዘም። «እንዲህ ያለ ክንፍ ሳላይ ልሞት ነበር» አሉ። ደስታችን ወሰን አልነበረውም።

ጥፋቱ የመጣው ከዚህ ከደስታው ነው። አሮጌው ክንፍ ከመበላቱ የተነሣ ጠፍጠፍ ያለ ነበር፤ ድብልቁን እየገፋ ይሄዳል እንጂ አያነሣውም። አዲሱ ግን ከሥር አንሥቶ ይገለብጠዋል። በመቶ ዙር አሮጌው በአሥር ደቂቃ የሚሠራውን አዲሱ በስድስት ይጨርሰዋል። ክንፍ ሲቀየር ፍጥነትም ጊዜም እንደገና መመረጥ ነበረበት። እኛ ግን ክንፉን ቀይረን ፍጥነቱን እንዳለ ተውነው። የኔታም ሲጠብቁ የኖሩት ድብልቁ ሲደርስ ያ ጉምጉምታ ወፍሮ የሚመጣበትን ጊዜ ነው። አዲሱ ክንፍ ጉም ጉም አይልም። የማይመጣ ድምፅ ነበር የሚጠብቁት።

ሌላም ነገር ነበር፤ እሱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የኔታ ጆሯቸው እየደከመ ነበር። ከወራት በፊት ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ቆመን ደወሉ በላያችን እየተደወለ «ደወሉ ቆየ፣ አይደል?» ብለውኝ ልቤ ስንጥቅ አለ። ጡረታቸው አልፎ በኮንትራት የሚሠሩ ሰው ናቸው፤ ቢታወቅ ያስወጧቸዋል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደህና በሚሰሙበት በግራ በኩል መቆም፣ ሰው የተናገረውን ጮክ ብዬ መድገም ጀመርኩ። መልካም የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በአዲሱ ክንፍ የመጀመሪያውን ድብልቅ የጀመርን ቀን ግድግዳው ላይ ያለችው የአምፔር ቆጣሪ ፊት ለፊቴ ነበረች። ሞተሩ ምን ያህል እንደሚታገል የምታሳይ ናት፤ ድብልቁ እየከበደ ሲሄድ መርፌዋ ትወጣለች። በሌላው ቀን «በቃ» ሲባል መርፌዋ አሥራ ስምንት ላይ ትሆናለች። ያን ዕለት አሥራ ስምንትን አለፈች። ሃያ ገባች። የኔታን አየኋቸው፤ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ናቸው። ሃያ ሁለት ሆነች። «የኔታ» ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ገጠምኩት። ሰው ሁሉ እያየ እንዴት አድርጌ ነው የኔታን የማርማቸው?

በመጨረሻ «በቃ» አሉ። እፍኙን አንሥተው ጨበጡት። ለመክፈል ሲጫኑት እንደ ጭቃ ተለጠጠ። አገላብጠው አዩትና ቀና ብለው «እንዴት ነው?» አሉኝ። ጥርጣሬያቸው ዓይናቸው ላይ ነበር። እውነቱን እንድነግራቸው የጠየቁኝ ያን ጊዜ ነው።

«ደህና ነው የኔታ» አልኩ።

ክኒኑ ሲመታ አብረቀረቀ። ወለል ላይ ቢወድቅ እንደ ሳንቲም ያንቃጭላል እንጂ አይሰበርም። ሠራተኛው ተደሰተ። የክኒን መሟሟት የምትፈትነው መሣሪያ ማሞቂያዋ ተቃጥሎ ነበርና ጥንካሬውን ብቻ ለክተን አሳለፍነው። ካርቶን ካርቶኑ ወደ እብናት፣ ወደ ገሳይ፣ ወደየወረዳው የእንስሳት ጤና ጣቢያ ሄደ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ፣ አንዲት ሴት ከገሳይ መጡ። ወይዘሮ አንጓች ይባላሉ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በጉና ግርጌ ረግረግ ዳር በግ አርብተው የሚኖሩ ሴት ናቸው። ጥበቃውን አልፈው፣ ጸሐፊዋን አልፈው፣ እኛ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ስብሰባ ላይ ሳለን ገቡና የተቋጠረ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ፈቱት። ከውስጡ ሦስት ክኒን ወጣ። የእኛው ክኒን ነው፤ ማኅተሙ እንኳ አልጠፋም።

«ይኸ መድኃኒት ነው ወይስ ጠጠር?» አሉ። «አሥራ አራት በግ ነበረኝ። ጉሮሯቸው ሥር እያበጠ፣ እየከሱ ስምንቱ አለቁብኝ። መድኃኒት ሰጥቻቸዋለሁ እያልኩ ተዘልዬ ተቀምጬ! ዘጠነኛዋን ነፍሷ ሳይወጣ ባረክናት። ጾም ነው፣ ማን ይቀምሳታል? ልጄ ጨጓራዋን ሲከፍት ይኸው፣ እንዲህ ተቀምጦ አገኘው።»

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠራረገና «እናቴ፣ ምናልባት አሰጣጡ ላይ ስሕተት…» ማለት ጀመረ። የኔታ የሴትዮዋን ፊት እያዩ ወደ እኔ ዘንበል አሉና «ምን አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር፤ ወይዘሮ አንጓች ደግሞ እየጮኹ ነው የተናገሩት። ሁሉም ሰው ወደ የኔታ ዞረ። ምርጫ አልነበረኝም። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጮክ ብዬ «መድኃኒቱ አልሟሟም ነው የሚሉት! በጎቹ አለቁ!» አልኩ።

የኔታ አንዱን ክኒን አንሥተው በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ከዚያ ሙቅ ውሃ በብርጭቆ አስመጡና ጣል አደረጉበት። ግማሽ ሰዓት ያህል ብርጭቆውን ስናይ ቆየን። ክኒኑ እንደ ተቀመጠ ቀረ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ የኔታ። «ጆሮዬ ከድቶኛል። እያወቅሁ ደብቄያለሁ።»

«እኔ ደግሞ መርፌዋ ስታልፍ አይቻለሁ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም የሌላ ሰው መሰለኝ። «ዝም አልኩ።»

ወይዘሮ አንጓች የኔታን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። «እሳቸውስ አልሰሙም፣ ያረጀ ሰው ናቸው። አንተ ዓይን አለህ አይደለም?» አሉኝ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ተግሣጽ ደርሶኛል፣ በደብዳቤም በቃልም። እንደዚህች ጥያቄ ውስጤን የበላኝ ግን የለም።

መድኃኒቱ ከየወረዳው ተሰብስቦ ተመለሰ። ፋብሪካው የወይዘሮ አንጓችን ኪሣራ ለመካስ ተስማማ። ሴትዮዋ ግን ሐሳባቸው በቀሩት አምስት በጎች ላይ ነበር። የሁለቱ ጉሮሮ ማበጥ ጀምሯል። በዚያ ሰሞን በወረዳው ሌላ የትል መድኃኒት አልነበረም፤ የገሳይ ሰው ደግሞ የእኛን ዳግመኛ በበጎቹ አፍ እንደማያስገባ ተማምሏል። «ደህና መድኃኒት ከሠራችሁ አምጡልኝ። እኔው ፊት ይሟሟና አያለሁ። ትንሣኤን የሚጠብቁ ግን አይመስለኝም» ብለው ሄዱ። አምስት በግ ማለት ለሳቸው የዓመት ኑሮ ነው። ለእኛም አምስቱ ከሞቱ ፋብሪካው በዚህ አገር ስም አይኖረውም።

በማግስቱ የኔታ ወንበር አስመጥተው ከማሽኑ ራቅ ብለው ተቀመጡ። «ከዛሬ ጀምሮ በቃ የምትለው አንተ ነህ» አሉኝ።

«አልልም የኔታ» አልኳቸው። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ እንቢ ያልኳቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «እኔም ነገ ዓይኔ ይደክማል። በቃ የሚል ሰው አያስፈልገንም። ልክ ነው የሚያስፈልገን።»

ቅር የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ወንበሩን ወደ እኔ አስጠግተው «እሺ፣ ታዲያ ከምን እንጀምር?» አሉ።

ስፋቷ የትልቁ ሲሶ ከሆነችው ከቤተ ሙከራዋ ትንሽ ድስት ጀመርን። ያ የባሕር ዳር ቶርኒተር አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ሠርቶ የአዲሱን ክንፍ ታናሽ ወንድም ሰጠን፤ ሽቅብታው ቁርጥ አንድ ዓይነት ነው። የትልቁን ፍጥነት በሦስት እያበዛን ሞከርን። በትልቁ መቶ የሚሆነውን ስንሞክር ድብልቁ ከመድረስ ወደ ማለፍ የሚሸጋገረው ዓይን እስክትጨፍን ነው። ዘጠና የሚሆነውን ሞከርን፤ ትንሽ ተሻለ። ሰባ ስናደርገው ደግሞ ክንፉ ሙቁን ማዳረስ አቃተው፤ አንዱ ጎን ርጥብ፣ ሌላው ጎን ደረቅ ሆነ። ከእያንዳንዱ ሙከራ ክኒን እየመታን የኔታ ፊት በብርጭቆ ሙቅ ውሃ ውስጥ እንጥላለን። እሳቸው ሰዓታቸውን ይዘው ይመለከታሉ። ጆሮ የነሣቸው አምላክ ትዕግሥት አልነሣቸውም፤ ለውሃ ብርጭቆ አፍጥጦ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ቀላል አይደለም።

ሰባተኛው ሙከራ ሰማንያ ዙር የሚሆነው ነበር። ክኒኑ ውሃ ውስጥ ገብቶ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ጠርዙ ተነሣ፣ ተሰነጠቀ፣ እንደ ዝናብ የመታው የአፈር ካብ ተናደ። ሥሩ ላይ ዱቄት ብቻ ቀረ። የኔታ ሰዓታቸውን አላዩም። ተነሥተው አቀፉኝ፤ ጋዋኔ ላይ እንባቸው ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ያው ፍጥነት በትልቁ ድስት ተሞከረና ሠራ፤ ሲደርስም መርፌዋ እንደ ድሮው አሥራ ስምንት ላይ ነበረች። መቆሚያው በመርፌዋ እንዲሆን ወሰንን። አሥራ ስምንቷ ላይ መስመር ለማስመር ቀይ የጥፍር ቀለም ልገዛ ገበያ ወጣሁ። ሻጯ «ለባለቤትህ ነው ለሌላ?» ብላ ስታላግጥብኝ «ለማሽን ነው» አልኳት። «ኧረ የዘንድሮ ወንድ!» ብላ እስከ ዛሬ ስታየኝ ትስቃለች። የተቃጠለችው መፈተኛም ተጠግና ተመለሰች፤ ያለ እሷ አንድ ክኒን ከበር እንዳይወጣ ተባለ። ከማሽኑ በላይ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ፈርሞበት አንድ ወረቀት ለጠፍን፦ መርፌዋ ቀዩን ስትነካ ያየ ማንኛውም ሰው፣ ማንንም ሳይጠይቅ ማሽኑን ያቁም።

ከየኔታ ጋር ሚኒባስ ተሳፍረን ገሳይ ወረድን። ወይዘሮ አንጓች ሰላምታ ሰጡን እንጂ ፊታቸው አልተፈታም። ጎረቤቶቻቸው አጥሩን ተደግፈው ያያሉ። ለብ ያለ ውሃ በጣሳ አቀረቡ። ክኒኑን ጣል አደረግኩ። ያችን ጥቂት ደቂቃ እንዴት እንዳሳለፍኳት እኔ ነኝ የማውቀው። ሲናድ ወይዘሮ አንጓች ጣታቸውን ነክረው ሥሩን ፈተጉት፤ ጠጠር እንደሌለው አረጋገጡ። ከዚያ አንድም ቃል ሳይናገሩ የመጀመሪያዋን በግ ይዘው አፏን ከፈቱልኝ።

ከአምስቱ አራቱ ዳኑ። አንዷ ጉሮሮዋ ክፉኛ አብጦ ስለነበር አልተረፈችም። ከትንሣኤ በኋላ ስንመለስ «እሷን የገደላት መዘግየቱ ነው፤ መድኃኒታችሁስ መድኃኒት ነው» አሉን። በዚያው ቀን ጎረቤቶቻቸው በጎቻቸውን እየነዱ መጡ። የኔታ ከበጎቹ መካከል ቆመው እንደ ልጅ ሲስቁ አየኋቸው።

የኔታ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሠሩ። ክንፍ መግጠምና መፈተሽ የሳቸው ሥራ ሆነ፤ ለወረቀቱ ጆሮ አያስፈልገውም። በሰላም ተሰናብተው ወጡ፤ ካረፉ አራት ዓመት ሆናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር።

እሳቸው ሲወጡ የመጣብኝን ነገር ግን ማንም አላስጠነቀቀኝም። ሠራተኞቹ እኔን «የኔታ» ማለት ጀመሩ። በመጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ቆይቼ ሳስበው ፈራሁ። ወረቀቱ ግድግዳው ላይ አለ፤ ሁሉም አንብቦታል፤ ግን መርፌዋ ቀዩን ልትነካ ስትል ሁሉም የሚያየው የእኔን ፊት ነው። እኔ ራሴን ካልነቀነቅኩ ቁልፉን የሚነካ የለም። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ ቀለድኩ፤ ምንም አልተለወጠም። «እርስዎ እያሉ?» ይሉኛል። አክብሮት ነው፤ በምን ልክሰሳቸው? ጡረታዬ ሲቃረብ እንቅልፍ የነሣኝ የጡረታ አበሌ ማነስ አልነበረም። እነዚህ ሰዎች እኔ ስወጣ ደግሞ ሌላ «በቃ» የሚል ሰው ፈልገው ዙሪያውን ሊቆሙ ነው የሚል ፍርሃት ነበር።

በመጨረሻው ሳምንቴ ሌላ አዲስ ክንፍ ገጠምን። የሚክሰሩን ሥራ ከእኔ የምትረከበው ትርንጎ ናት፤ የሁለት ልጆች እናት፣ አምስት ዓመት አብራኝ የሠራች፣ ዝምተኛ። ፍጥነቱን በትንሿ ድስት ሞክረን፣ አስልተን ሰማንያ ሁለት ላይ አደረግነው። ድብልቁ እየሄደ ሳለ መብራቱ ደብዘዝ፣ ቦግ አለ፤ መርፌዋም ዘለለችና ቀዩን ነካች። ሠራተኞቹ አዩኝ። ይህን ነገር አውቀዋለሁ፤ መብራት ሲደክም መርፌዋ ያለ ምክንያት ትወጣለች። እጄን አንሥቼ «ቆዩ፣ መብራቱ ነው፣ ገና ነው» አልኩ።

ማሽኑ ቆመ።

ትርንጎ እጇን ከቀዩ ቁልፍ ላይ አላነሣችም።

«ገና ነው አልኩ እኮ!» ብዬ ጮኽኩ። ደሜ ፈላ፤ የኔታ ከወጡ ወዲህ በእኔ ቃል ላይ ማሽን ያቆመ ሰው አልነበረም። እያጉረመረምኩ ክዳኑን ከፈትኩና አንድ እፍኝ አነሣሁ። ጨበጥኩት፣ ለቀቅኩት። ጣቶቼ ታትመውበት ቀሩ። በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ሳይጨማለቅ፣ ሳይበተን፣ ለሁለት ከፈል አለ። አንድ ደቂቃ ቢጨመር ኖሮ አልፎ ነበር።

ሁሉም ፊቴን ያያል። ትርንጎ ብቻ እጄን ነበር የምታየው።

«ደርሷል» አልኩ።

ትንፋሿን ለቀቀች። እጇን ከቁልፉ ላይ አነሣች። «ቢቆጡኝም ይሻላል ብዬ ነው ጋሼ» አለች።

ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። ፊቴን ወረቀቱ ወደተለጠፈበት ግድግዳ አዞርኩ። ጡረታ ለመውጣት ገና አራት ቀን ይቀረኝ ነበር። እኔ ግን ያን ዕለት እጄን ታጥቤ፣ ጋዋኔን ሰቅዬ፣ ልቤ ሙሉ ሆኖ ወጣሁ።